የቴሌፎን ምርመራና «ደህና ነኝ» የሚለው ቃላችን

አንድ ያገራችን ሰው ቴሌፎን አንሥቶ «ሃሎ» ካለ በኋላ ስለ ጤንነቱ ቢጠየቅ ምን ብሎ እንደሚመልስ ለማወቅ ምርምር አያስፈልግም። ራሱን እያመመው ተኝቶ ቢሆን፣ ሐዘን ላይ ተቀምጦ ቢሆን፣ ከወገቡ በታች ያለው አካሉ አልታዘዝ ብሎት ቢሆን መልሱ አንድ ነው፤ «ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን» ወይም «አልሐምዱ ሊላህ» ይላል። ይህ ቃል ሰው ስለ ገላው የሚሰጠው ምስክርነት አይደለም። ለፈጣሪ የሚቀርብ ምስጋና፣ ለጠያቂውም የሚሰጥ አክብሮት ነው። እኛ ይህን ማንም ሳያስተምረን እናውቀዋለን። መዝገብ ግን አያውቀውም።

ነገሩን ያነሣሁት በአጎቴ ምክንያት ነው። አጎቴ በ1977 ዓ.ም. ድርቅ ጊዜ በልጅነታቸው ከወሎ በሰፈራ ወደዚህ የመጡ፣ አሁን በክልላችን ካሉት ከተሞች በአንዷ የሚኖሩ ሰው ናቸው። ጕልበት በነበራቸው ዘመን ድንጋይና ሽመል በመጫንና በማውረድ በቀን ሥራ ይተዳደሩ ነበር። አንድ ቀን ከጭነት መኪና ላይ ወደቁና ወገባቸው ተጎዳ። የቀን ሠራተኛ ስለ ነበሩ ውል የለም፤ ውል ስለሌለም ካሣ ብሎ የጠየቀላቸው የለም፤ ባለመኪናው በማግስቱ ሌላ ሰው ቀጠረ። ዛሬ አጎቴን ከሩቅ የሚያያቸው ሰው ጤነኛ ይመስሉታል። ዐርብ ዐርብ ነጭ ልብሳቸውን ለብሰው፣ ከዘራቸውን ይዘው ለጁምዓ ይሄዳሉ። የማይታየው ከዚያ በኋላ ያለው ነው። ቅዳሜንና እሑድን፣ አንዳንድ ጊዜም ሰኞንና ማክሰኞን ጨምረው ከፍራሻቸው አይነሡም። የሚያለብሷቸው፣ ውሃ የሚያቀርቡላቸው፣ ወደ ጓሮ ደግፈው የሚወስዷቸው እትዬ፣ ማለት ባለቤታቸው ናቸው።

በ2012 ዓ.ም. ኮሮና ወደ አገራችን ገብቶ ሰው ከሰው እንዳይቀራረብ በተከለከለ ጊዜ፣ ሠርተው ማደር ለማይችሉ ሰዎች ገንዘብ የሚሰጥ አንድ ድርጅት (ስሙን መጥራት ለክርክሬ አይጠቅመኝም) መዝጋቢዎቹን ቤት ለቤት መላኩን ትቶ በቴሌፎን መጠየቅ ጀመረ። እኔ ያን ጊዜ የ9ኛ ክፍል ተማሪ ነበርሁ። ተራው ለአጎቴ ሲደርስ ቴሌፎኑን በጆሯቸው አጠገብ የያዝሁላቸው እኔ ስለ ነበርሁ ንግግሩን ሁሉ ሰማሁ።

«እንደምን አሉ አባት?» አለች አንዲት ወጣት።

«ደህና፣ አልሐምዱ ሊላህ። አንቺ ደህና ነሽ? ቤተሰብ ደህና?»

«ደህና ነን። ጤናዎ እንዴት ነው?»

«ይመስገነው፣ ደህና ነኝ።»

«መራመድ ይችላሉ?»

«እሄዳለሁ እንጂ! ዐርብ መስጊድ እሄዳለሁ።»

«ልብስዎን ራስዎ ይለብሳሉ?»

«እንዴት አልለብስም፣ ልጄ!»

በዚህ ጊዜ እትዬ ከወዲያ ማዶ ቡና እየቆሉ ነበርና ቀና ብለው አዩአቸው፤ ግን ምንም አልተናገሩም። በባዕድ ፊት ባልን ማሳፈር ነውር ነው። ጥሪው አምስት ደቂቃ እንኳ አልፈጀም። አጎቴ ቴሌፎኑን ሲመልሱልኝ ፊታቸው በርቶ ነበር፤ «ጨዋ ልጅ ናት» አሉኝ። ዝርዝሩ በወጣ ጊዜ ግን ስማቸው አልነበረበትም። ሄጄ ብጠይቅ፣ «ደህና ነኝ ያሉት እሳቸው ራሳቸው ናቸው» የሚል መልስ ተሰጠኝ። መልሱ ሐሰት ስላልነበረ የምለው ጠፋኝ።

ልጅቱን አልወቅሳትም። ከወረቀት ላይ ታነብ ነበር፤ ወረቀቱን የጻፈው ሌላ ነው። ደግሞም ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት የዚያው ድርጅት መዝጋቢዎች በአካል መጥተው ነበር። የመጡበት ቀን ዐርብ ነበረ። አጎቴንም ያገኟቸው ከመስጊድ ሲመለሱ መንገድ ላይ ነው።

እንግዲህ ዓይንም ጆሮም በአንድ ሰው ላይ ተሳስተዋል ማለት ነው። ስለዚህ ብዙ ጓደኞቼ «ቴሌፎን ይቅር፣ ሰው በዓይን ይታይ» ሲሉ እሰማለሁ፤ ሐሳባቸው ግን ለእኔ በቂ ሆኖ አልታየኝም። ጥፋቱ ከመሣሪያው ይልቅ በጥያቄው ላይ ነው ባይ ነኝ። ይህንንም ለማስረዳት ቴሌፎኑን ከእኛ ይልቅ በሰፊው የሠሩበትን ሰዎች ልምድ መመልከት ያሻል።

በእንግሊዝ አገር የአካል ጉዳት ወይም የቆየ ሕመም ላለበት ሰው መንግሥት የሚከፍለው «ፐርሰናል ኢንዲፔንደንስ ፔይመንት» የተባለ ገንዘብ አለ፤ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ2013 ነው። አንድ የጤና ባለሙያ፣ ለምሳሌ ነርስ ወይም የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ፣ አመልካቹን መርምሮ ሪፖርት ይጽፋል፤ የሚወስነው ግን የመንግሥቱ መሥሪያ ቤት ነው። እ.ኤ.አ. በማርች 2020 በወረርሽኙ ምክንያት ፊት ለፊት የሚደረገው ምርመራ ቆመና በቴሌፎን ሆነ። ወረርሽኙ ካለፈ በኋላም ቴሌፎኑ አልቀረም። በለንደን የሚኖሩ ወገኖቻችንም ሲያመለክቱ የሚጠብቃቸው አንዱ መንገድ ይኸው ነው።

እዚያ ጥሪው እንደ አጎቴ ጥሪ በአምስት ደቂቃ አያልቅም፤ ብዙ ጊዜ አንድ ሰዓት ያህል ይወስዳል። የሚጠየቀው ስለ 12 ሥራዎች ነው፤ ምግብ ስለ ማዘጋጀት፣ ስለ መብላት፣ መድኃኒትን በጊዜው ስለ መውሰድ፣ ስለ መታጠብ፣ ስለ ሽንት ቤት፣ ስለ መልበስ፣ ስለ መናገርና መስማት፣ ስለ ማንበብ፣ ከሰው ጋር ስለ መገናኘት፣ ስለ ገንዘብ አያያዝ፣ መንገድን ለይቶ ስለ መጓዝና ስለ መራመድ። ለእያንዳንዱ ነጥብ ይሰጣል። 8 ነጥብ ያገኘ መደበኛውን፣ 12 ያገኘ ከፍተኛውን ክፍያ ያገኛል። በእኔ አስተያየት ከነጥቡ ይልቅ ትልቁ ነገር በሕጉ ውስጥ ያለው አንድ መመዘኛ ነው። አንድ ሰው አንድን ሥራ «ይችላል» የሚባለው አደጋ ሳይደርስበት፣ ደህና አድርጎ፣ በሚያስፈልገው መጠን ደጋግሞ፣ ጤነኛ ሰው ከሚወስድበት ጊዜ ከሁለት እጥፍ ሳያልፍ ሊሠራው ሲችል ብቻ ነው። ደግሞም የሚታየው አንድ መልካም ቀን ሳይሆን አብዛኛው ቀን ነው።

ይህን መመዘኛ ባነበብሁ ጊዜ አጎቴን አሰብሁ። ዐርብ ይሄዳሉ፤ ቅዳሜ አይችሉም፤ ስለዚህ ደጋግመው አይችሉም። ለብሰው ይታያሉ፤ ያለበሷቸው ግን እትዬ ናቸው። «መራመድ ይችላሉ?» በሚለው ጥያቄ ውስጥ ይህ ሁሉ የሚገባበት ቦታ አልነበረም።

ዳሩ ግን እንግሊዞችም ሁሉን አሳክተዋል ለማለት አይደለም። መርማሪው ከተጻፈው ጥያቄ ውጭ የሚሰማውንም ይመዘግባል፤ ትንፋሹ ይቆራረጣል ወይ? ጨዋታውን ሳይስት ይከታተላል ወይ? ውሻ አለኝ ካለ ማን ያናፍሰዋል? በእኛ አገር ሰላምታ የሆነው ሁሉ እዚያ ማስረጃ ሊሆን ይችላል። የተከለከለ ሰው ውሳኔው እንደገና እንዲታይለት በአንድ ወር ውስጥ ይጠይቃል፤ ካልሆነም ወደ ነጻ የይግባኝ ሸንጎ ይሄዳል። እዚያም ተከራክረው ውሳኔ ከሚሰጣቸው ሰዎች ከግማሽ የሚበልጡት ሲረቱ ኖረዋል። እንዲህ ያለ ቁጥር የሚያሳየው ጥሩ ሕግ በመጥፎ አጠያየቅ ሊበላሽ መቻሉን ነው። የሆነ ሆኖ አመልካቹ አስተርጓሚ መጠየቅ፣ የሚረዳውን ሰው አብሮ ማስቀመጥ፣ ንግግሩ በድምፅ እንዲቀረጽለት ማሳሰብ፣ የተጻፈበትንም ሪፖርት ማየት ይችላል። አስተርጓሚው ያገራችን ሰው ሆኖ፣ «ደህና ነኝ፣ ይመስገን» የሚለውን ቃል በሰባተኛ ዓመቱ እንደ ተማረው እንግሊዝኛ «ምንም ሕመም የለብኝም» ብሎ ከተረጎመው ግን እግዜር ይርዳው ከማለት በቀር ምን ይባላል? የቋንቋ ተማሪ ሥራ ምን ይጠቅማል ለሚሉን የምሕንድስና ወንድሞቻችን ይህችን በማስታወሻ እንዲይዙልኝ እለምናለሁ።

ጥያቄ ስንት ሰው ሊሰውር እንደሚችል ከራሳችን አገር ማየት ይቻላል። በ1999 ዓ.ም. በተደረገው የሕዝብና ቤት ቆጠራ የአካል ጉዳተኛው ቁጥር ከጠቅላላው ሕዝብ ከመቶ አንድ በጥቂት ብቻ የሚበልጥ ሆኖ ተገኘ። የዓለም የጤና ድርጅት ግን እ.ኤ.አ. በ2022 ከዓለም ሕዝብ 16 ከመቶ የሚሆነው፣ ይኸውም ከስድስት ሰው አንዱ፣ ጉልህ የአካል ጉዳት እንዳለበት ገምቷል። ጦርነትና ረሀብ፣ ዓይን ማዝና ፖሊዮ ያለፈባት አገር ከዓለም ሁሉ ይልቅ ጤነኛ ሆና ነውን? አይደለም። ቆጣሪ በር ላይ ቆሞ «በዚህ ቤት የአካል ጉዳተኛ አለ?» ብሎ ሲጠይቅ፣ የሚጥል በሽታ ያለባት ልጅ ያለችው እናት «የለም» ትላለች። የጆሮው መስማት የደከመ ሽማግሌም ራሱን ከጉዳተኛ አይቆጥርም።

ይህን ችግር ለመፍታት በተባበሩት መንግሥታት የስታቲስቲክስ ኮሚሽን ሥር እ.ኤ.አ. በ2001 የተቋቋመው የዋሽንግተን ግሩፕ ስድስት አጫጭር ጥያቄዎችን አዘጋጅቷል። ስለ ማየት፣ ስለ መስማት፣ ስለ መራመድና ደረጃ ስለ መውጣት፣ ስለ ማስታወስ፣ ገላን ታጥቦ ስለ መልበስ፣ ከሰው ጋር ስለ መግባባት ይጠይቃሉ። «ጉዳተኛ» የሚል ቃል በውስጣቸው የለም። መልሱም አዎን ወይም አይደለም ሳይሆን፣ ምንም አይቸግረኝም፣ ጥቂት ይቸግረኛል፣ በጣም ይቸግረኛል፣ ከቶ አልችልም የሚል ነው። ቀላል ነገር ይመስላል። ነገር ግን አጎቴን «መራመድ ይቸግርዎታል?» ያላቸው ሰው ቢኖር ኖሮ ቢያንስ «ይቸግረኛል እንጂ» ለማለት ምስጋናቸውን ማፍረስ ባላስፈለጋቸው ነበር።

«ይህ ሁሉ ለእኛ ምን ይመለከተናል? በአገራችን እንዲህ ያለ ክፍያ የታለ?» የሚል አንባቢ አይጠፋም። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 41 መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን አካል ጉዳተኞችን፣ አረጋውያንንና ወላጅ የሌላቸውን ሕፃናት እንዲረዳ ያዛል። የተባበሩት መንግሥታትን የአካል ጉዳተኞች መብት ስምምነት አገራችን በ2002 ዓ.ም. አጽድቃለች። በተግባር ግን ያለው ጠባብ ነው። በ2003 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 715 የግል ድርጅት ሠራተኛም በጡረታ እንዲታቀፍ ሆኗል፤ በጤና ጉድለት የሚሰናበት ሠራተኛ ግን የዘወትር አበል ለማግኘት 10 ዓመት ማገልገልና የሐኪሞች ቦርድ ማስረጃ ማቅረብ ነበረበት። የቀን ሠራተኛ በዚህ በር አይገባም። የገጠሩ ልማታዊ ሴፍቲኔት በ1997 ዓ.ም. ሲጀመር ቤኒሻንጉል ጉሙዝ ከታቀፉት ክልሎች ውስጥ አልነበረም። የከተማው በ2009 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር ግን አሶሳ ከመጀመሪያዎቹ 11 ከተሞች አንዷ ሆነች። በዚህም መሥራት የሚችለው በአካባቢ ልማት ሥራ፣ የማይችለው ደግሞ ያለ ሥራ በቀጥታ ድጋፍ እንዲረዳ ተደረገ። ማን ይችላል፣ ማን አይችልም የሚለው ጥያቄ ለቀበሌው ኮሚቴ የዳቦ ጥያቄ የሆነው ከዚያ ወዲህ ነው። ገንዘብ በቴሌፎን በሚላክበት በዛሬው ዘመን ጥያቄውም በቴሌፎን እየበዛ መምጣቱ የማይቀር መሆኑን ለመናገር ነቢይ መሆን አያሻም።

ቴሌፎንን ጨርሶ የማልጠላበትም ምክንያት አለኝ። ይህ ክልል ሰፊ ነው። ከኩርሙክ ወይም ከቶንጎ ወገቡ የተጎዳ ሰው ለአንድ ፊርማ በጭነት መኪና ተንገላቶ አሶሳ ይምጣ ማለት ምርመራ ሳይሆን ቅጣት ነው። ከፓዌ የሚመጣ ደግሞ ዓባይን መሻገር አለበት፤ በ2011 እና በ2013 ዓ.ም. መካከል በመተከልና በካማሺ በደረሰው እልቂት ጊዜ መንገዱ ለጤነኛም የሚሞከር አልነበረም። እንዲህ ላለው ሰው ቤቱ ድረስ የሚመጣ ድምፅ ምሕረት ነው።

ግን የማን ቤት ድረስ? የዓለም ባንክ በ2012 ዓ.ም. በአገራችን በቴሌፎን ባካሄደው የቤተሰብ ጥናት መነሻ ላይ፣ በከተማ ከ10 ቤተሰብ 9 ያህሉ ቴሌፎን ሲኖራቸው በገጠር ግን ከ10 ቤተሰብ 4 ያህሉ ብቻ ነበራቸው። ካላቸውም ቴሌፎኑ በባል ኪስ ወይም በጎረቤት ሱቅ ነው። አንዲት ሴት በጎረቤት ሱቅ ቆማ፣ ስኳር የሚገዛው ሰው እየሰማ፣ ሽንቷን ስለ መቆጣጠሯ ተጠይቃ እውነቱን ትናገራለች ብሎ የሚያምን ሰው ካለ ይምጣና ያስረዳኝ። መስማት ለተሳነው ቴሌፎን ከቶ ምንም አይደለም። ከዚህ ሁሉ በላይ ደግሞ ቋንቋው አለ። የክልሉ የሥራ ቋንቋ አማርኛ ነው፤ የሰው ሕመም ግን በርታኛ፣ ጉሙዝኛ፣ ሽናሽኛ፣ ማኦኛ ወይም ኮሞኛ ይናገራል። ገበያ ላይ ማሽላ ለመሸጥ የሚበቃ አማርኛ የጀርባ ሕመምን ለመግለጥ አይበቃም።

በበኩሌ የምለው ይህ ነው። በቴሌፎን የሚጠይቅ መሥሪያ ቤት ሁሉ ሰላምታውን ከምርመራው ይለይ፤ ሰላምታው ካለቀ በኋላ «አሁን የምጠይቅዎ ለመዝገብ ነው» ብሎ ይጀምር። «ይችላሉ?» ማለቱን ትቶ «ትናንት ከጧት እስከ ማታ ምን አደረጉ? ማን ረዳዎት? ከትናንት በስቲያስ?» ብሎ ይጠይቅ። የሚረዳውንም ሰው ለብቻው ያነጋግር፤ እትዬ ለብቻቸው ቢጠየቁ ኖሮ አንድ ሰዓት ሙሉ ይናገሩ ነበር። ከሁሉም በላይ በቴሌፎን ሰው ይመዝገብ እንጂ በቴሌፎን ብቻ ሰው አይሰረዝ። ሊሰረዝ የታሰበ ሰው ቤቱ ይታይ፣ ያውም ከአንድ ቀን በላይ። ወጪው ይበዛል፣ አታላይም ይበዛል የሚሉ አሉ። ስለ ወጪው ልክ ናቸው። ስለ አታላዩ ግን፣ በዚህ አገር ያልታመመውን ታመምሁ ከሚለው ይልቅ የታመመውን ደህና ነኝ የሚለው እንደሚበዛ ጎረቤት ያለው ሰው ሁሉ ያውቀዋል።

ይህ እስኪሆን ድረስ የሚጠብቀው ጥሪ ያለ ዘመድ ካላችሁ ጥሪው ሳይመጣ አንድ ሳምንት ቀደም ብላችሁ አጠገቡ ተቀመጡና የየቀኑን ኑሮውን በደብተር ጻፉለት፤ በየትኛው ቀን ተነሣ፣ በየትኛው አልተነሣም፣ ልብሱን ማን አለበሰው፣ ስንት ጊዜ ወደቀ። ጥሪው ሲመጣ ከሰው ተለይቶ በጓዳ ይነጋገር፤ የደዋዩን ስምና ቀኑን ጻፉ። «እችላለሁ» በሚለው ቦታ «በሰው ርዳታ» ማለትን ይልመድ፤ በአንድ ቃልም አይመልስ። መስመሩ ቢቋረጥ እንዲደወልለት አስቀድማችሁ ተነጋገሩ። በንግግሩ መጨረሻ የተጻፈው እንዲነበብለት ይጠይቅ።

ከአጎቴ ጋር ባለፈው ክረምት ይህን ተለማምደን ነበር። እኔ ደዋይ ሆንሁ። «አጎቴ፣ አንቱ ጤናዎ እንዴት ነው?» ስላቸው ሦስት ጊዜ «ደህና፣ አልሐምዱ ሊላህ» አሉኝ። በአራተኛው ዝም ብለው ቆዩና «ልጄ፣ ታዲያ ጌታዬን ምን ልበለው?» አሉኝ። ተነጋግረን፣ መጀመሪያ አልሐምዱ ሊላህ እንዲሉ፣ ከዚያ «ወገቤ ግን» ብለው እንዲቀጥሉ ተስማማን።

ስድስቱን ጥያቄዎችና «ትናንት ምን አደረጉ?» የሚለውን ወደ ክልሉ ቋንቋዎች ለመመለስ ከፋኩልቲያችን የተሰበሰብን ጥቂት ተማሪዎች በማኅበሩ ጽሕፈት ቤት በር ላይ የስም መጻፊያ ወረቀት ለጥፈናል። ለበርታኛ፣ ለጉሙዝኛና ለሽናሽኛ ፈቃደኞች ተመዝግበዋል። ለማኦኛና ለኮሞኛ የተተወው መስመር ይህ ጽሑፍ እስከ ተባዛበት ቀን ድረስ ባዶ ነው።